በሰም የታተመ ስም

እኔ ቻሊንግ ነኝ፣ የሃርሊንገን ጸሐፊ፣
ዓሣ በሚሸት ክፍል ስም ተቀባይ፣ ጻፊ።
ውጭ ባሕሩ ግድቡን ሲደበድብ ያድራል፣
ጠዋት ቀለሜ ላይ ስስ በረዶ ይጋገራል።

ከደሴት የተነሣ አንድ የመድፍ መኮንን፣
በባሩድ ጭስ መሰላል ተወጣጥቶ ዙፋኑን፣
ጳጳሱ ሳይጭኑለት በገዛ እጁ ዘውዱን
አንሥቶ ደፋ አሉ። ሰማን፣ ዝም አልን።
ዘውድ ሩቅ ነገር ነው። የኛ ሰው ጉዳይ
ሄሪንግ ነው፣ ጨው ነው፣ የነገው ሰማይ።

ኋላ ሕጉ ደረሰ፣ በጋሪ ተጭኖ፣
ወፍራም፣ ባለ ቆዳ፣ በሸራ ተሸፍኖ፦
ጌታና ሎሌ ባንድ ዳኛ ፊት ሊቆም፣
ርስት ለበኩር ልጅ ብቻ ላይሰጥ ዳግም፣
የጨርቅ ነጋዴ ክንድ፣ ለገዢ የሚያጥረው፣
በሜትር ሊተካ፣ ማንም በማይስበው።
አልዋሽም፣ ወደድኩት። ሌሊት በሻማ ብርሃን
አንቀጽ ባንቀጽ ሳነብ ረሳሁት ረኃቤን።

ቀጥሎ አዋጅ መጣ፦ «የቤተሰብ ስም ያውጣ
ሰው ሁሉ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ወደ መዝገብ ይምጣ።»
እኛኮ በአባት ስም ነው የኖርነው፦
ኦነ የፈይከ፣ ፈይከ የኦነ፣
ስሙ እንደ ጀልባ መቀመጫ ለተራው እየሆነ።

ስምን መልአክ ያወጣል ሲባል እሰማለሁ፤
ያን ክረምት መልአኩ እኔ ሆኜያለሁ፣
ክንፍ የለኝ፣ ጉንፋን የያዘኝ፣ መነጽሬ የነቃ።
አንዱ ጀልባ የሌለው «ባሕር በለኝ» አለኝ በቃ።
አንዱ ለቀልድ «ጎመን» ብሎ ተመዘገበ፤
አባት ስቆ ወጣ፤ ልጅ ደጁ ላይ አሰበ።

ሲትስከ መጣች ማታ፣ የሟቹ ፈይከ ሚስት፣
ኦነ ከኋላዋ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት።
መረብ ስትጠግን ጨው የሰነጠቀው እጇ
ጠረጴዛዬን ነካ፤ ቀና አለ ልጇ።
«የፈይከ በለው። ቢሞትም አባቱ፣
ስም ከመቃብር በላይ ነው» አለች፣ «እውነቱ።»
«አዋጅ ነው» አልኳት። በመስኮት አማተረች፣
ጣሪያው ጫፍ ላይ ባዶ ጎጆ ተመለከተች።
«እንግዲያ ሽመላ በለው» አለች ቀስ ብላ፣
«ይሄዳል፣ ይመለሳል በጸደይ ሽመላ።»
ቀይ ሰም አቀለጥኩ፤ ጠብ አለ ከስሙ ሥር፤
ማኅተሙን ተጫንኩ፤ ንስሩ ወጣ፣ ከነጥፍር።

የካቲት ላይ ደብዳቤ፦ «የወጣቶች ስም ዝርዝር።»
ስሙም ከኔ መዝገብ፣ ቁጥሩም ከኔ ብዕር።
እስከዚያ ማን ነበር ኦነን ከኦነ የሚለይ?
ሰባት ኦነ ነበሩ ባንድ መንደር ላይ፤
ድሮ ወታደር ቢመጣ «የቱ?» ብሎ ይሄድ ነበር።
ሽመላ ግን አንድ ነው። አሁን የት ይሠወር?

እጣ ወጣ። የመርከብ ባለቤት ልጅ ምትክ ሰው ገዛ፤
ሕጉ እኩል ነው ለሁሉ፣ ዋጋው ብቻ በዛ።
ኦነ ሄደ። ግድቡ ላይ ሲያልፍ ቆቡን አነሣልኝ።

ቀጥሎ ስለ ሩሲያ፣ ስለ በረዶው ሰማን፤
ቀጥሎ ያ ሰው ወደቀ፤ ንስሩን ከበር አወረድን።
ሌላ ንጉሥ መጣ። ሕጉን ግን አልነቀለው፣
ሜትሩንም፣ ስሙንም፣ ደህና ነው ብሎ ተወው።
ዛሬም ገባር ከጌታው ፊት ለፊት ሲከራከር
አያለሁ፣ ደስ ይለኛል። ምን ልበል? ይህም ነበር።

ባለፈው ጸደይ፣ ሽመሎች መንቆራቸውን ሲያንቋቁ ጣሪያ ላይ፣
ሲትስከ መጣች። «የጻፍከውን ልይ።»
ማንበብ አትችልም። ገለጥኩላት። በአውራ ጣቷ
ዳበሰች፣ ቀዩ ሰም እስኪፈረፈር በጥፍሯ።
«ይሄ ነው?» «አዎ።» ሻርፗን አጠበቀች፤ ዝናቡ ጀመረ።
ሰሙን በጥፍሯ ይዛ ወጣች፤ ስሙ እኔ ጋ ቀረ።