የጓልቲዬሮ እንግሊዝኛ

አሬዞ ከተማ፣ ከአንዲት ጠባብ ሙዚየም፣ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሥዕል ሲጠብቅ ኖረ፤ ሥዕል ላይሸሽ ላያመልጥ።
ጓልቲዬሮ ይባላል። ትምህርቱ እስከ ስምንት፣
ሥራው ወንበር ማሞቅ፣ ጣት የዘረጋውን «አትንካ» ማለት።

ጠዋት በአራት ሰዓት አስጎብኚዋ ትመጣለች፣
እንግሊዞቹን አስከትላ፣ ከፍ አድርጋ ጃንጥላ፣
ከዚያው ሥዕል ፊት ቆማ ያንኑ ቃል ትላለች፣
ዛሬም እንደ ትናንት፣ አንዲት ሳትቀንስ፣ ሳትጨምር ሌላ።
እሱም ከወንበሩ ጆሮውን አቁሞ
ጣቷ ያረፈበትን፣ ከአፏ ከወጣው ጋር ያጋባል ገጥሞ፦

«ቨርሚሊየን» ማለት የመልአኩ ካባ፣ ያ ቀዩ፣ ያ እሳቱ፤
«ድሬፐሪ» ማለት ከእናቲቱ ጉልበት እንደ ጅረት ወርዶ የሚተኛው እጥፋቱ፤
«ሄይሎ» ያ ወርቁ፣ ከቅዱሳን ራስ ኋላ የሚበራው፣
ሰዓሊው ትንፋሹን ይዞ የለጠፈው፣ ጽዳት ሠራተኛዋ አቧራውን ለማራገፍ የምትፈራው።

ከበጉ ግርጌ ያለውን ጽሑፍ ሲቆጥር አራት ፊደል ሆነ፤
እሷ ስትጠራው ግን ሦስት። አንዷን ፍለጋ ስንት ቀን ባዘነ።
«ላም» ትላለች እሷ። መጨረሻው ላይ ግን «ብ» አለ፣ ቆሞ፣ ሆዱን ነፍቶ።
ኋላ ገባው፦ በግ በሸላቾቹ ፊት ዝም ይል የለ? ፊደሉም አፉን ዘግቶ።
መቃብርም እንዲያው፤ «ቱም» ይሉታል፣ «ብ»ው ከድንጋዩ ሥር ተከቶ።
አውራ ጣትም «ተም» ነው፤ መቼ ይናገራል ጣት?
«ዝምተኛ ነገር ሁሉ በዚች ፊደል ያልቃል» ሲል ለሚስቱ ነገራት።
«ሾርባህ በረደ» አለችው።
                                እንዲህ ያለ ሕግ ነው ያወጣ፤
ያማረ ሕግ ነበር፣ ቦምብ የሚለው ቃል እስኪመጣ።
ለካ እሱም «ብ»ውን ይውጣል። ሁለት ቀን አሰበ፣
«ከፈነዳ በኋላ ማን ተናግሮ ያውቃል?» ብሎ ሕጉን መልሶ ከተበ።

በመጋቢት፣ ልጁን ኦርኔላን፣ ሊቨርፑል ላይ ምጥ ያዛት።
የሚስቱ ጉልበት አላስኬድ ቢላት፣ እሱ ብቻውን በረረ ሊጠይቃት፣
አንድ ሻንጣ፣ ግማሽ ክብ አይብ።
ከአየር ማረፊያው ግን ማንም ስለ መልአክ አላወራውም።
ሳሙና አያውቅም፣ ደረሰኝ አያውቅም፣ «ወደ ግራ ታጠፍ» አያውቅም፤
የእሾህ አክሊል ያውቃል፤ የእሾህ አክሊል ግን አውቶቡስ አያሳፍርም።
«የማዋለጃው በር ቀይ ነው» ብላ ጽፋለት ነበር፤
ለታክሲ ነጂው በኩራት፣ ጥርት አድርጎ፦ «ቨርሚሊየን በር!»
ሰውዬው አፈጠጠ። ጓልቲዬሮ በጣቱ የሰውየውን አንገት አሳየው፣
የኳስ ክለቡን ሻርፕ። «እ፣ እሱን ነው!» ብሎ ሳቀ፤ የት እንደሚሄድ ግን ከወረቀት ነው ያነበበው።

ሌሊት ነበር። ነርሷ ብሎድዌን ኮሪደሩን እየመራች
ብዙ ጠየቀችው፤ እሱ ራሱን ነቀነቀ፤ መጋረጃውን ከፈተች።

ኦርኔላ ተኝታለች። አንሶላው ከጉልበቷ እንደ ጅረት ወርዶ።
ስሙን ያውቀዋል ይህንን። የደረሰበትን ያውቀዋል።
ሕፃኑ የተጨማደደ፣ የቀላ፣ የተቆጣ፤
ከራስጌው ያለችው አምፖል የጸጉሩን ጠርዝ ለብልባው
ክብ ሠርታለት።

«ሄይሎ» አለ ጓልቲዬሮ።
ነርሷ ሰላም ያላት መስሏት
«ሄሎ» አለችው፣ በፈገግታ።

እጁን ዘረጋ፤ ወዲያው ደግሞ ሰበሰበ፣
የሠላሳ አንድ ዓመት ልማድ፣ አትንካ፣ አትንካ።
ብሎድዌን እጁን ይዛ ወሰደችለት፣ ወደ አልጋው።
አውራ ጣቱን ጨበጠው ሕፃኑ፣ አጥብቆ።
ቃሉን ያውቀዋል ጓልቲዬሮ፤
አልጠራውም።