አንዴ ብቻ ይሞቃል

ሰርቪሱ በአሥራ አንድ፣ ብርቄን ይወስዳታል፤
የማታውቀውን ሰው እጅጌ፣ ፓርኩ ያሰፋታል።
እዚህ፣ የአያቱን ስም፣ ጥርስ ሳያበቅል ወርሶ፣
በሰባት ወር ግርማው፣ ተቀምጧል ሐሜሶ።

እስከ ስድስት ሰዓት፣ አከራያችን ትይዘዋለች፤
ከዚያ በኋላ ግን፣ «ተረኛ ና» ትለኛለች።
ባጃጄን ከዋንዛው፣ ከጥላው ሥር አቁሜ፣
እስከ ክርኔ ድረስ፣ ታጥቤ ደጋግሜ
(የቤንዚን ሽታና የሳንቲም እድፍ ቶሎ አይለቅም)
እገባለሁ ወጥ ቤት። ግድግዳው ላይ አለ፣
በብርቄ እጅ ጽሑፍ፣ በመርፌ የተሰቀለ፣
ከደብተር የተቀደደ ሕግ፦

«ላሊሞ፣ ስማ።
ማታ የሠራሁት በሦስት ኩባያ ነው። ለዛሬ ባለ ቀይ ክዳኑ።
ሦስቱንም አታውጣ።
ዳር ዳሩ ሲፈላ መሃሉ ይዋሻል፤ አማስል፣
ከሥር እስከ ላይ እስኪንተከተክ።
ከዚያ አብርድ። አንጓህ ላይ ጠብ አድርገህ ሞክር።
በሱ ማንኪያ አትቅመስ።
የተረፈውን አትመልስ። አንዴ ብቻ ይሞቃል።
አንዴ ብያለሁ።»

እኔ የሐሙስ ሽሮ፣ ዓርብ ቅዳሜ ሞቆ፣
ለእሑድ የሚቆየኝ፣ ድስቱ ላይ ደርቆ፣
እሱን በልቼ ያደግሁ ነኝ። ሆዴ እንደ ባጃጅ ጎማ፣
የታቦርን ግርጌ ኮረኮንች አልፎ፣ አንድ ቀን ያልታማ።
የሐሜሶ ሆድ ግን፣ ቁልፍ የሌለው በር ነው፤
መንገደኛ ተውሳክ፣ ሁሉ የሚደፍረው።

ትናንት ከአሞራ ገደል፣ ቆሮሶ ገዛሁኝ፤
አጥንቱን ስለቅም፣ በባትሪ አመሸሁኝ።
ብርቄም ከድንች ጋራ፣ ቀቅላ አድቅቃ፣
ድስቱን ሳፋ ውሃ ላይ፣ እስኪበርድ ጠብቃ፣
ከፋፍላ፣ ከድና፣ ፍሪጅ ከተተችው።

ሌሊት መብራት ጠፋ።
መቼ ሄደ፣ መቼ መጣ፣ ያየ የለም፤ ተኝተናል።

በቀትር ስከፍተው፣ ፍሪጁ ያዜማል፤
እንዳመሸ ባል ነው፤ «እዚሁ ነኝ» ይላል።
ብርቄ ግን ታውቀዋለች። ከላይኛው ሣጥን፣
በስኒ ውሃ አርግታ፣ በረዶው ጀርባ ላይ
አንድ ብር ሳንቲም አስቀምጣ ነበር፣ ለምስክር።
ሳንቲሙ ወርዷል።
ከስኒው ሥር ተኝቷል፣ አንበሳው ሽቅብ አይቶ፤
በረዶው ከላዩ ነው፣ ቀልጦ ዳግም ረግቶ።

ዓሣውን አሸተትኩ። ዓሣ ዓሣ ይላል፤ ሌላ አይልም።
ዋጋው ትዝ አለኝ። የለቀምኩት አጥንት ትዝ አለኝ።
አፍልቼ ብሰጠውስ? እሳት የማይገድለው ምን አለ?
የጤና ኤክስቴንሽኗ አስካለች፣ በክትባቱ ቀን፣
«ተውሳክ ሲሞት እንኳ፣ አንዳንዱ መርዙን አውርሶ ነው» ብላ ነበር።
ማንኪያውን ይዤ ቆምኩ።
ሐሜሶ ከምንጣፉ ላይ አየኝ፤ ሙሉ በሙሉ አምኖኝ።
እንዲህ ያለ እምነት ያስፈራል።

ሦስቱንም ኩባያ፣ ከአጥሩ ማዶ ደፋሁት፤
አንድ አባ ኮዳ ወርዶ፣ ሲለቅመው አየሁት፤
ራሰ በራ ሽማግሌ፣ ሳይመርቀኝ ሄደ።

እንቁላል ቀቀልኩ፣ አስኳሉ እስኪጠነክር፤
አቮካዶ አጠብኩ፣ ከነልጣጩ፣ ከዚያ ቆረጥኩ፤
በሹካ ፈጨሁት። አቀረብኩ።
ሐሜሶ ቀመሰ። አሰበበት።
ሸሚዜ ላይ ተፋው።
እንደገና አቀረብኩ። ዋጠ። ሳቀ። ተፋ። ዋጠ።
ከሳህኑ የቀረውን፣ እንደ ሕጉ፣ አልመለስኩም፤
ቆሜ በላሁት።

ስኒውን ሞልቼ መለስኩት፤ ሲረጋ ሳንቲሙ
ዛሬም ማታ ዘብ ይቆማል።

ሊመሽ ሲል ከመናኸሪያ አንዲት ሴት ጫንኩ፤
ስትወርድ መቶ ብር ሰጠችኝ፤
ኪሴን ብበረብር፣ ከብሩ መሃል
የሐሜሶ ማንኪያ ወጣ፣ ጫፉ አረንጓዴ።
ሴትዮዋ ማንኪያውን አየች፤ ሸሚዜን አየች፤
«መልሱ ይኼ ነው?» አለችኝ።