ከሰሙ በታች

ቱርሲናህ ሰም ትስላለች፥ በመዳብ ብዕር፥
ከፔካሎንጋን ወደብ፥ ከወንዙ ዳር።
በርጩማዋ አጭር፥ ድስቱ ቅርብ፥
ቀሚሷ በሰም ጢስ፥ ገላዋ በላብ።
ዛሬ ግን መስመሯ አልቀና አለ፥
ለወፏ ምንቃር ያለችው ከክንፏ ላይ ዋለ፤
ትነሣለች፥ ትቀመጣለች፥ ታቋርጣለች፥
«ምን ሆንሽ?» ሲሏት «ወገቤን» ትላለች።

ወገቧ አይደለም።
ሦስት ሳምንት ሆናት፥ እንቅልፍ የላትም።
እሳት ነው፥ እከክ ነው፥ እርጎ መሳይ ፈሳሽ፥
ለባል የማይነግሩት፥ ከእናትም የሚሸሽ።

አማቷ ካርስዬም አረማመዷን ዐየች፥
ምንም ሳትጠይቅ ሲሪህ ቀጠፈች፤
ልብ የመሰለ ቅጠል፥ የአጥር ሐረግ፥
ፈልቶ፥ ተጠልሎ፥ የቀዘቀዘ በወግ።
«እኔም፥ እናቴም፥ በዚህ ነው የኖርነው፤
ከላይ ብቻ አይበቃም፥ ከውስጥም እጠቢው።»
ታጠበች። አንድ ሌሊት ቀለል አላት።
በሦስተኛው ቀን ነደዳት።
«ነጭ ሽንኩርት» አለች አንዲት ጎረቤት፤
(እሱን ሌሊት አልጽፈውም፤ ይቅርላት።)

ጤና ጣቢያ፥ ሐሙስ፥ ሃያ ሰባተኛ ተራ።
አዋላጅ ኒንግሩም፥ መነጽሯ በገመድ፥ ድምጿ የማይፈራ፦
«የት ነው የሚያምሽ?»
«እታች።»
«እታች እግርም አለ።»
«የሴት ነገር ነው» አለች፥ ቀና ሳትል።
«ልጄ፥ ሰም ማልበስ ሥራሽ ነው፤ እዚህ ግን አቅልጪው።
ክርን ክርን ይባላል፥ ጉልበትም ጉልበት፤
ብልትም ብልት ነው። ስሙ ነውር የለበት።»

በጥጥ ወሰደች፥ መስታወት ላይ ቀባች፥
በአጉሊው ተመልክታ ለእሷም አሳየች፦
ደቃቅ ክር፥ እንቡጥ ያዘለ ቅርንጫፍ፥
ማንም ሳይስለው የተሳለ ጥልፍ።
«እርሾ ነው» አለቻት፥ «በብዙ ሴት ይኖራል፤
ጠባቂዎቹ ታጥበው ሲያልቁ ይበዛል።
ይሄን ስድስት ሌሊት፥ ተኝተሽ፥ ከውስጥ፤
ቢሻልሽም ጨርሺው፥ ከመሃል አይቋረጥ።
የውስጥ ልብስሽ ጥጥ ይሁን፤ ከድስቱ ተነሺ፥ ነፋስ ይግባ።
ቢመለስ፥ ሽታው ቢለወጥ፥ ነይ፤
ሌላም ዓይነት አለ፥ መድኃኒቱም ሌላ።»

«ሲሪሁስ?»
ኒንግሩም ዝም አለች። በእናቷም አጥር ላይ አለ።
«ማታ፥ ሲደክምሽ፥ እግርሽን ንከሪበት።
ያ ቤት ግን ራሱን ያጥባል፤ አትግቢበት።»

በአምስተኛው ሌሊት ተኛች፥ አንዴም ሳትነቃ።
ስድስተኛውንም ፍሬ አልተወችም፥ ቃል ነውና።

በማግሥቱ ካርስዬም መጣች፥ ቅር እንዳላት፥
የቅጠሉን ውኃ በሣፋ ይዛ፥ ለእግሯ አኖረችላት።
አልሄደችም። ድስቱን እያየች ቆየች።
«ያ ፍሬ… ለባልቴትም ይሰጣል?» አለች።
ቱርሲናህ ብዕሯን አወረደች።
«ከመቼ ጀምሮ ነው?»
«ባልሽ ጥርስ ሳያወጣ።»

ሐሙስ በሦስት እግር ጋሪ ሁለቱም ተሳፈሩ።
አሮጊቷ በመንገድ ላይ ትለማመዳለች፥
ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፦
ክርን፥
ጉልበት፥
…
እንደገና፦ ክርን።