የቄቧ ጣት

ሰኞ ማታ ነበር፣ ቆጡ ሥር የቀረች፤
ሁለቴ ዘለለች፣ ሁለቴ ወረደች።
እህቶቿ ከላይ ሲገፋፉ ለቦታ፣
እሷ ከታች አመድ ላይ፣ በጎኗ ተኝታ።
ቄብ ናት፤ እንቁላልን ገና አታውቀውም፤
ገብስማ ላባዋ
ከሞላሌ ውርጭ ጋር ቀለሙ አይለይም።

ሲነጋ ጎረቤቴ፣ እትዬ አጸደ፣
ባጥር ላይ አየቻት፤ ፍርዱ ወዲያው ወረደ፦
«ፈንግል ነው፣ እወቀው! ሳይጨርስህ ደጅህን፣
ቢላህን ሳልና፣ ዛሬውኑ አትርፍ ድርሻህን።»
የልጄ ልጅ ትርንጎ፣ የተማረች ናት፤
«ቪታሚን አጥሯት ነው፤ ፀሐይ ላይ አውጣት።»
አማቼ ደምስ ግን ጎንበስ ብሎ አይቶ፣
«ዓይን ነው» አለና፣ ሄደ ጠላ ጠጥቶ።

እኔ ባና ሠሪ፣ ሐኪም አይደለሁም፤
የተበጠሰ ክር እንጂ የታመመ አላውቅም።
ግን ጣቴ ያውቃል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ
በጨለማ ቤት ውስጥ ሲፈልግ ኖሯል፣ የት እንዳለ ውሉ።

ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ልቧ መዳፌ ውስጥ፣
እንደ ዝናብ በቆርቆሮ፣ ሲሮጥ፣ ሲሮጥ፣ ሲሮጥ።
ኩክኒዋን አየሁት፤ አልጠቆረም፣ ቀይ ነው።
ኩሷን በስንጥር ገለጥኩ፤ አረንጓዴ የለው።
አንገቷ አልዞረም፤ ትንፋሿም ያው ጤና፤
ክንፏን ዘረጋሁት፣ ታጠፈ እንደገና።
ጭኗን ተጫንኩት፤ ዝም።
ጉልበቷን አጠፍኩት፤ ዝም።
ከዚያ መሀል ጣቷን—
ጮኸች! እንዲህ ያለ ድምፅ ከቄብ ሰምቼ አላውቅም።

ጣቱ እንደ ራሰ ባቄላ አብጦ፣ ጠቁሮ፣
በጭቃና በኩስ ተለብጦ፣ ታጥሮ።
ለብ ባለ ውሃ፣ ጨው ጣል አርጌበት፣
እግሯን ዘፈዘፍኩት፣ ጭቃው እስኪለቅላት።
መነጽሬን ሰክቼ፣ ጎንበስ ብዬ ባይ፣
ክር! ሦስት ዙር የዞረ፣ የሰመጠ ሥጋዋ ላይ።
ጥቁር የበግ ጠጉር። አወቅኩት ወዲያው፤
አምና ለሠርግ የሠራሁት፣ የዚያ ባና ትርፍ ነው።
ዓይኑም እኔ ነበርኩ፤ ፈንግሉም እኔው።

ትርንጎ የስልኳን መብራት አብርታ፣
እኔ ምላጭ ይዤ፣ ከክሩ ሥር ወደ ላይ፣ በቀስታ፣ በቀስታ።
ድርና ማግ ስቀጥል፣ ትንፋሼን እንዲህ ይዤ አላውቅም።
ሦስተኛው ዙር ተበጠሰ። ትንሽ ደም።

በማግስቱ ክሊኒክ፣ ሸዋንግዛው ዘንቢሌን ከፍቶ፣
«ጣቱ ሞቷል» አለ፣ «ይረግፋል ሰንብቶ።
አንተ አትቁረጠው። ቅባቱን ጠዋትና ማታ።
ለብቻዋ አርጋት፤ ዶሮ ደም ካየ፣ የለው ይሉኝታ።»
የኔንም ጉልበት ጠየቅኩት፣ መቼም ሐኪም ነው ብዬ፤
«ላባ ካላበቀሉ፣ አልችልም ጋሼዬ።»

እንቅብ ውስጥ ሰነበተች፣ ከሸማኔ ጉድጓዴ ዳር፤
እኔ መርገጫ ስረግጥ፣ እሷ ገብስ ስትቆጥር።
ባሥራ አንደኛው ቀን ጣቱ ወደቀ፤
እንደ ገብስ ፍሬ ያህል፣ የደረቀ።
የት እንደምጥለው ግራ ገባኝና፣
አጥር ሥር ቀበርኩት። ትርንጎ ሳቀችብኝ ገና።

አሁንም ታነክሳለች። ጭቃ ላይ ዱካዋን
ከሩቅ እለየዋለሁ፣ መሀሉ ባዶውን።
ቆጡን አንድ ክንድ ያህል ዝቅ አረግኩላት፤
ሌሎቹ ቅር ቢላቸውም፣ ወጥታ አደረችበት።
እኔም መብራት ሳላጠፋ፣ ማታ ማታ፣
በዚህ ጉልበቴ ተንበርክኬ፣
ወለሉን በመዳፌ እዳብሳለሁ፣
ክር ፍለጋ፣ ጥግ ለጥግ፣ ሳላይ በዳበሳ፣
እትዬ አጸደ ባጥሩ ላይ፣ «ምን ጠፋብህ?» እስክትል ተነሥታ።