የወረቀቱ ጀርባ

ለዓርቡ ጨዋታ ሌሊት እያነጋሁ፣
የአራት ሰው ሕይወት ስጽፍ ስሰርዝ ባጀሁ፤
ጠባሳው ከነታሪኩ፣ ሰይፉ ከነስሙ፣
ማን ማንን እንደሚወድ፣ የት እንደሚቀር ደሙ።
መሪ ነኝ፤ እኔ ካልጻፍኩ ማን ይጻፍ ብዬ።

ዓርብ ማታ፣ ከሰሜኑ ባሕረ ሰላጤ ጠርዝ፣
በረዶው መስኮቱን ጥርስ አውጥቶ ሲገዘግዝ፣
ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ወርደን፣
እርጥብ ካፖርታችንን ማሞቂያው ላይ ሰቅለን፣
"እንኩ" አልኩ፣ ኩራቴን በሳል ሸፍኜ፣
"ይኸው ጀግኖቻችሁ።"

ካሌርቮ ወረቀቱን አላነበበውም።
በሁለት ጣቱ መሃል አሸት አሸት አርጎ፣
ወደ አምፖሉ አንሥቶ፣ ብርሃን አሳልፎ፣
"ሰማንያ ግራም" አለ። "የኛው ነው፤ የሦስተኛው ማሽን።
ፋብሪካው ሳይዘጋ፣ እኔም ሳልሰናበት፣
ይህን ሳወጣ ነው ጸጉሬ የሸበት።"

ከዚያ ገለበጠው። የለፋሁበት ጀግና
በአፍጢሙ ተደፋ፣ ሰይፉን እንደያዘ።
"አትቀየሚኝ ኦውቲ፤ ሰውዬው ደግ ይመስላል፣
ግን በኔ ልክ አልተሰፋም።
ማንንም አይፈራ፣ ዕዳ አያውቅ፣ አይቆጨው፤
በጀርባው በኩል እስቲ እኔው ልሞክረው።"

ተናደድኩ፤ አልዋሽም። ምራቄ ደረቀ።
ሌሎቹም ገለበጡ። ጠረጴዛው ነጭ ሆነ።

ራውሃ ቀድማ እርሳሷን ቀርጻለች፤
አርባ ዓመት የሰው ቁስል አጥባ ጡረታ የወጣች።
"የኔው" አለች፣ "ውሃ የሚፈራ አሻጋሪ ይሁን፤
ሰው ሁሉ ሲያሻግር እጁ የሚርደው፣
ወንዝ እየበላበት ወንዝ የሚያስጨንቀው።"
"ወንዝ የለም" አልኳት፣ "ካርታዬ ተራራ ነው።"
ዝም ብላ አየችኝ፣
መርፌ ልትወጋ ስትል እንደምታየው ዓይነት።
ላጲስ አነሣሁ።
ሁለት ተራራ ተናደ፤ በመሃሉ ውሃ ፈሰሰ።

ሳምፖ፣ ዐሥራ ስድስቱን ገና ያልጨረሰ፣
ከኮፍያው ሥር ሆኖ ድምፁ እያነሰ፣
"የአሻጋሪው ወንድም ብሆንስ?" አላት፤
"ከፈቀድሽ" የሚል ኋላ ጨመረባት።
"እሺ፤ ግን አባታችንን ወንዙ ሲወስደው
የት ነበርክ?"

እርሳሱን ነከሰው።
"ጀልባው ላይ። መቅዘፊያው እኔ ጋ ነበር።"

ማሞቂያው ብቻ ጠቅ፣ ጠቅ።
ማንም ያልጻፈው፣ እኔም ያላሰብኩት አባት
ከጠረጴዛው መሃል ሰጠመ፤
አምስታችንም አየነው።
የሰይፈኛዬ ጠባሳ ሰባት ነበር፤
አንዱ እንኳ እንዲህ አላመመም።

ኢንከሪ ዓመት ሙሉ ከኛ ጋር ተቀምጣ
ዛህራ ብቻ ስትጥል፣ ቃል ከአፏ ሳይወጣ፣
እንደ ተማሪ እጇን አነሣች።
"እኔ... ለአባትየው ያበደርኩት ነኝ።
ክፉ ግን አይደለሁም። በዚያ ቀን የመጣሁት
ዕዳውን ልሰርዝለት ነበር።
መንገዱ ጭቃ ሆኖ ዘገየሁ።"

ዛህራ በዚያ ማታ ማንም አልጣለ፤
ሃያ ፊት ያለው ጠጠር ሳህን ሥር ዋለለ፣
ከብስኩት ፍርፋሪ ጋር ተኝቶ አመሸ።

ካሌርቮስ? አንድ መስመር ብቻ ጽፏል፦
"ጫማው ውሃ ያስገባል።"
"ስሙስ?" ብለው፣ ትከሻውን ነቀነቀ፤
"ሰው ስሙን ይዞ አይወለድም፣
ቆይቶ ነው የሚወጣለት።"

ጠባቂዋ መብራት ልታጠፋ ስትወርድ
ጀግኖቼ በየቦርሳው ገብተው ሄዱ፣
ፊታቸውን ወደ ታች፣ ከሌላ ሰው ጀርባ ሆነው።
እኔ ባዶ እጄን ወጣሁ።

ድልድዩ ላይ ቆምኩ። እውነተኛው ወንዝ
በረዶውን ደርቦ፣ ከሥር እያጉረመረመ ይሄዳል።
የመጪው ዓርብ ማን እንደሚሻገር፣ ማን እንደሚቀር
አላውቅም።
አለማወቄ ደስ አለኝ።
ደግሞም እስከ ቤቴ ድረስ፣
ትንሽ ተናድጄ ነበር።