አስራ አራት እጅ

ዶሮ ሳይጮህ ወጣን ከኬዮኑ ወደብ፣
ያን ባሕር ተሻግረን፣ በዝናብ በዝናብ፤
ባሌ ተደግፎ ያውቶቡሱን መስታወት፣
እኔ በጉያዬ የሐኪሙን ወረቀት።

ፖርቶ ሞንት፣ ሦስተኛ ፎቅ።
ከመስኮቱ ጀርባ ክራባት ያሰረ
አንድ ልጅ እግር ሰው ፋይሉን በረበረ።
«ኖልቤርቶ ሚያሎንኮ። ጠላቂ። ግራ እጅና ግራ እግር።
ቦርዱ የወሰነው ጉዳት፦ ከመቶ አስራ አራት እጅ።
ካሳ የሚከፈለው፣ እመቤት፣ ከአስራ አምስት ጀምሮ ነው።
አንድ እጅ ይጎድላችኋል።»

እንዲሁ ነው ያለው፣ በዚሁ ቃል።
እኔ ወደ ባሌ ዞርኩ፣ ባሌ ወደ ጭኑ።
እጁ እዚያ ተጋድማለች፣
እሱ ራሱ ይለቅማቸው እንደነበሩት ዓሦች።
የጎደለችውንማ ይዘናት መጥተናል።

ሥራው ምን ነበረ? ከመረቡ ሥር ገብቶ፣
የሞተ ሳልሞንን በከረጢት ሞልቶ
መውጣት። ደግሞ መግባት። ደግሞ መውጣት።
በቀን አራት ጊዜ፣ ሲብስም አምስት።
ፈቃዱ ሃያ ሜትር፣ ጥልቀቱ ሠላሳ ስድስት።
የጀልባው አለቃ ሲጽፍ በመዝገቡ፣
ባሕሩ ሃያ ነው፣ እስከነመረቡ።
ያን ማክሰኞ ማታ «ጉንዳን ወረረኝ» ሲል መጣ፤
ሲነጋ ግራ ጎኑን ቢጠራው፣ ቢጠራው አጣ።

ኩባንያው «ራሱ ፈጥኖ ወጣ» አለ።
እዚያው ከታች ቢቀር ኖሮ
አይጎዳም ነበር ማለት ነው።

እኔ ግን ከወጥ ቤቴ ግድግዳ ነቅዬ
ያመጣሁት ቀን መቁጠሪያ አለኝ፣
የባሕሩን ሙላት፣ የባሕሩን ጉድለት የሚያሳይ።
ማታ ማታ እጁን ሳይታጠብ፣ በግራው፣ በእርሳስ፣
ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ አንድ
እያለ የጻፈባት።
«ይሄ ሰነድ አይደለም» አለኝ ልጁ። «ማኅተም የለውም።»
አውራ ጣቱ አለበት፣ ከነሞተሩ ቅባት።
አገላበጠው። መለሰልኝ።

«ይግባኝ ካላችሁ፣ እዚህ ላይ ይፈርም።»
ባሌ እስክሪብቶውን በቀኙ አነሣ፣
ሃምሳ ዓመት ሙሉ ማንኪያ እንኳ ባልያዘበት።
ምላሱን ነክሶ፣ እንደ ፊደል ቆጣሪ፣
ስሙን አንድ በአንድ ከጉድጓድ እንደሚያወጣ
ጻፈ። ፊደሎቹ መስመር ለቀው ሄዱ፤
የመጨረሻዋ ከወረቀቱ ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

ልጁ መታወቂያውን አየ። ወረቀቱን አየ።
«አልቀበልም» አለ። «ፊርማው አይመሳሰልም።»

አልጮህኩም። ወንበሬን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁ።
«ልጄ፣ አሁን ያልከውን በጽሑፍ ስጠኝ።
ፊርማው አይመሳሰልም ብለህ ጻፍ፣
ቀኑን አድርግበት፣ ማኅተም ምታበት።
አስራ አምስተኛዋ እጅ እሷ ናት።»

ማኅተሙን አነሣ።
አነሣና ወደ ኋላ ዞሮ አለቃውን ፈለገ።
አለቃው ለምሳ ወጥቷል።

ተቀመጥን።