ያልተጫረው ጭረት

ከኢሊኖይ በቆሎ መሀል የተጋደመ ሞላላ ቀለበት፣
ግማሽ ማይል አስፋልት፣ በኖራ የነጣ ግንብ ያለበት፤
በየዓመቱ በነሐሴ፣ በሁለተኛው ቅዳሜ ማታ
ብሪስተን፣ ባለ አንድ ትራፊክ መብራቷ፣ ትሞላ ነበር በሁካታ።

እኔ ቆጣሪዋ ነበርኩ።
ከእንጨት ማማው ላይ፣ አራት እርሳስ ይዤ፣ አንድ መቅረጫ፤
ለአንድ መኪና፣ ለአንድ ዙር፣ አንድ ጭረት፣
አምስተኛው ሰያፍ፤ እንደ በር መዝጊያ፣ እንደ በረት።

በስም የጭነት መኪና፤ ግና
ጭነት የላቸው፣ የሚደርሱበት አገር የላቸውና
ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ ሁለት መቶ ጊዜ ዞረው፣
ጎማ ጨርሰው ይቆማሉ፣ ከተነሡበት መስመር አድረው።
አባቴ፣ ዕድሜ ልኩን እህል ያመላለሰ፣ አይቶ ሳቀ፤
«በባዶ ካሶኒ ይህ ሁሉ ጥድፊያ!»
በዓመቱ ከፊት ወንበር ጮኸ፤ ድምፁ እስኪያልቅ፤ አለቀ።

የመጀመሪያው ዓመት አርባ ሁለት መኪና፤ ሰዉ ከአጥር ተርፎ
በእህል ጎተራው ጣራ ላይ፣ እንደ ርግብ አርፎ።
የቤተ ክርስቲያን ሴቶች በኮክ ኬክ ሽያጭ ጣራ አሳደሱ፣
ሞቴሉ በአንዲት ሌሊት የዓመቱን ዕዳ ከፈለ፤
በማግስቱ ፓስተሩ ስለ ትዕግሥት ሰበከ፤
ጆሯችን ገና ይጮኻል፣ ማን ሰምቶት።

ሰባተኛው ዓመት።
ይህን ለማንም አልተናገርኩም።
ዙር መቶ ስድሳ አንድ፤ ከሦስተኛው ኩርባ ጭስ ተነሣ፤
የእርሳሴ ጫፍ ተሰበረ፤ ጎንበስ ብዬ ሌላ ሳነሣ
አንድ መኪና አለፈ።
አርባ ሰባት ቁጥር፣ አረንጓዴ፣ ስሙ በሩ ላይ በብሩሽ የተጻፈ፤
ኤልደን ክራትዝ፣ የማጨጃ ማሽን ጠጋኝ።
ድምፁን ሰምቻለሁ። የማን እንደሆነ ቆይቶ ገባኝ፤
ሲገባኝ ዋንጫው በቨርጂል ታብ እጅ፣ ርችቱ በሰማይ፤
ወረቀቴን አጥፌ ፈረምኩ።
ቆጣሪ ይሳሳታል ወይ?

ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ ቁልቁል ሆነ፤ ሠላሳ፣ ሃያ አራት፣ አሥራ ስድስት፤
የጎማ ዋጋ ናረ፤ የትራክተር ፋብሪካው ተዘጋ፤ ስፖንሰሩ ሄደ ወደ ሌላ ስቴት።
በአሥራ አራተኛው ዘነበ። ወደ መስከረም ተላለፈ።
በመስከረምም ዘነበ።
«ለሚመጣው ዓመት» የሚል ወረቀት ከትኬት መስኮቱ ላይ ተለጠፈ፤
የሚመጣው ዓመት አልመጣም።
ማንም «ቀርቷል» አላለ፤
ነፋስ ብቻ አነበበው፣ እየገነጠለ።

ባለፈው ጥቅምት ኤልደን መጣ፤ ጢሙ ነጭ፣ ካሶኒው ሙሉ በቆሎ፤
ደብተሩን አወጣሁ፤ ጣቴን ከክፍት ቦታው ላይ አኖርኩ።
አየው። ብዙ አየው።
«አውቃለሁ» አለ። «እኔም እቆጥር ነበር።»
ከዚያ ስለ በቆሎ ዋጋ አወራ፤ ረክሷል አለ።

«ለምን ዝም አልክ?»
ትከሻውን ሰበቀ።
«ከጭሱ ውስጥ የቨርጂል ወንድም ነበር፤ ዛሬም በምርኩዝ የሚሄደው።
በዚያ ሌሊት ማን ነው ስለ ዙር የሚጠይቀው?»

ሄድን። በሩ በሰንሰለት ታስሯል፤
ጠጠር ነጋዴ ገዝቶታል፤ ከመነሻ መስመሩ ላይ የጠጠር ክምር ተቆልሏል።
መሪውን ጠመዘዘ፤ በውጭ፣ በገጠሩ መንገድ፣ በአጥሩ ዙሪያ፣
በሃያ ማይል ፍጥነት፣ ከነጭነቱ፣
ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣
ለማንም ፍሬቻ እያበራ።
በየጉድጓዱ ጥቂት ፍሬ ከኋላችን ይረግፋል፤
ቁራዎች ይለቅሙታል።

ዞሮ ዞሮ በሩ ጋ ደረስን።
እርሳስ አልያዝኩም፤
አቧራ በለበሰው መስታወት ላይ በጣቴ አንድ ጭረት ጫርኩ።
«ስንት ሆነ?» አለ።
«ሁለት መቶ።»
ራሱን ነቀነቀ፤
በቆሎውን ሊያራግፍ ሄደ።